ሽማግሌው እስኪደርሱ

ኦክላንድ፣ ማርች 2 ቀን 1986

ይድረስ ለልጄ ለአምሐ፤

ጤናህን ልጠይቅ ብዬ ብዕሩን አነሣሁና ተውኩት። በስልክ ስጠይቅህ «ደህና»፣ በደብዳቤ ስጠይቅህ «ደህና»፤ ደህናነትህ ሰልችቶኛል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ዳውንታውን ሆቴሉ ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ውዬ ወደ ሌክ ሜሪት በእግሬ ስመለስ መንገዱ አላልቅ ይለኛል። ይኸው እኔ እውነቱን ጻፍኩ። አንተም እንዲህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?

ባለፈው ደብዳቤህ ከሰላምታው ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈህ ዘጋኸው። ልጅ ሳለህ ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ «ግባ፣ ቅደም» ሲልህ እሺ ብለህ ብትቀድም ኖሮ ምን አደርግህ እንደነበር ነው የጠየቅከኝ። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? እቆነጥጥህ ነበራ! የአቶ ባዩን ልጅ ሠርግ ረሳኸው? ሽማግሌው «ተቀመጥ ልጄ» ቢሉህ እውነት መስሎህ ልትቀመጥ ስትል ጭንህን የመዘለግኩህን? ትልቅ ሰው ቅደም የሚልህ ሊያከብርህ ነው። አንተም «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» የምትለው ልታከብረው ነው። ደግሞ ቢልህም እምቢ ነው። እናትህ ስትሞት አደራ ያለችኝ ባለጌ አድርገሽ እንዳታሳድጊው ብላ ነው። አላሳደግኩህም። በዚህ አገር እግሩን በትልቅ ሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ የሚሰቅለውን ሁሉ ሳይ አንተን እያሰብኩ እጽናናለሁ።

ይልቅ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ለምን ተውክ? ወይዘሮ ፀዳለ በየሳምንቱ «የእሳት አደጋው መኮንን የት ጠፋ?» ትለኛለች። እውነቱን ልንገርህና፣ ደመወዝ እንደሌለህ አልነገርኳትም። ቀን ጋራዥ ሲሠራ ይውልና ሳይረን ሲጮህ የፈረንጅ ቤት እሳት በነጻ ሊያጠፋ የሚሮጥ ልጅ አለኝ ብላት፣ ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ነው የምትለኝ። የመንግሥት ነው አልኳት። ስትመጣ እንዳታሳጣኝ።

እዚያ ማርሊ ክሪክ ቤት መቃጠሉን የሰማሁት ከአንተ ሳይሆን ከጋሽ ተስፋይ ነው። በታክሲው እናንተ አጠገብ ዳብሊን ሰው ሊያደርስ ሄዶ ሲያወሩ ሰማ። ሰው አልሞተም አለኝ፤ ተመስገን። ታዲያ እሳት አጥፊ ሆነህ ለእኔ ሳትነግረኝ? መልስ ጻፍ፣ ወይ ኮል አድርግልኝ። «ደህና» የሚል ደብዳቤ ከሆነ ግን መልሼ ነው የምልክልህ።

አክስትህ ሮማነወርቅ


ማርሊ ክሪክ፣ ማርች 16 ቀን 1986

ይድረስ ለአክስቴም ለእናቴም ለእትዬ ሮማነወርቅ፤

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ደህና ነኝ አልልም፣ ከልክለውኛል። አፍሬአለሁ፣ እትዬ። ያፈረ ሰው መብላትም መሥራትም ይችላል፤ የማይችለው ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው።

ጥያቄውን ለምን እንደጠየቅኩ ልንገርዎ፤ ነገሩን ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይገባዎትም። የዚህን ቦታ ነገር ያውቁታል፦ አንድ ሱቅ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጋራዥ፣ ዙሪያውን ኮረብታ። እሳት ቢነሣ ከከተማ መኪና እስኪመጣ ቤቱ አመድ ነው። በ1936 ትምህርት ቤታቸው ሰዉ ባልዲ ይዞ እያየው ነደደ። ከዚያ በኋላ ገበሬዎቹ ተሰበሰቡና አንድ አሮጌ የወተት መኪና ላይ የወይን በርሜል ጭነው ውሃ ሞሉበት። የእሳት አደጋ ክፍሉ ማለት ያ ነበር። ሳይረኑን የገዙት ሴቶቹ ናቸው፣ እሑድ እሑድ ፓንኬክ እየጋገሩ በመሸጥ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ እንዲጮህ የተሠራ ነው፤ አውሮፕላኑ ሳይመጣ ጦርነቱ አለቀና ለእነሱ ተረፈ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ አሠሪዬ ሚስተር ሃርላን ናቸው። ጋራዡም የእሳቸው ነው፣ የእሳት አደጋውም አለቃ እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት አባታቸው ነበሩ። መኪና ሥር ጎን ለጎን ተኝተን ነው የሚያጫውቱኝ።

አንዱን ታሪክ ደጋግመው ይነግሩኛል። በ1951 የአንድ ሲልቫ የሚባል ገበሬ የፈረስ በረት ተያያዘ። የመኪናው ቁልፍ በአባታቸው ኪስ ነበር፣ አባታቸው ደግሞ ሊቨርሞር ገበያ ሄደዋል። ሰዉ መኪናውን ከቦ አለቃው እስኪመጡ ጠበቀ፤ ፈረሶቹ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ከመኪናው ወጥቶ አያውቅም። ግድግዳው ላይም በትልቁ ተጽፏል፦ ቀድሞ የደረሰ ይንዳ፣ ማንንም አይጠብቅ። እኔ ስገባ መጀመሪያ ያስነበቡኝ እሱን ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይረኑ ጮኸ። የሚስስ ኮርቢት ጭስ ማውጫ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፣ ያንን ፓንኬክ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጋግሩት። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ዴል የሚባለው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ከጎኔ ዘሎ ገባ። ሞተሩን አስነሣሁ። ልወጣ ስል ሚስተር ሃርላን ከቤታቸው በኩል በዚያ በሚያነክሰው እግራቸው እየተጣደፉ ሲመጡ አየኋቸው። «ጎ! ጎ አሄድ!» አሉኝ። ሂድ ማለታቸው ነው፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ትልቅ ሰው ነው ቅደም ያለኝ። እጄ በራሱ ማርሹን ለቀቀ። ወረድኩ፣ በሩን ከፈትኩላቸው፣ አጎንብሼ ቆምኩ። እሳቸው ይጮሃሉ፣ እኔ «ኧረ ግድ የለም፣ ይድረሱ» እላለሁ፤ ያውም በአማርኛ። ዴል አብዷል ብሎ ያየኛል።

ስንደርስ ጣሪያው ተያይዟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ውሃውን የረጨነው ፍሙ ላይ ነው። ሚስስ ኮርቢት በነጠላ ጫማ ግቢው ውስጥ ቆመው ያያሉ። አንድ ዕቃ አልተረፈላቸውም።

እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ።

ልጅዎ አምሐ


ኦክላንድ፣ ማርች 30 ቀን 1986

ይድረስ ለልጄ ለአምሐ፤

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፣ እንዴት እንደሰነበትክ ነግረኸኛል። ሥራ ላይ አንሶላ እያጠፍኩ፣ በእሳት መሀል «ኧረ ግድ የለም፣ ይድረሱ» ማለትህ ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ቤቱ ትዝ አለኝና አንሶላው ላይ ቁጭ አልኩ። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒኖ ታመምሽ ወይ አለችኝ። ምን ልበላት?

ማርሊ ክሪክን ለቅቄ ሳን ሆዜ ከጓደኛህ ከጌታቸው ጋር ልሥራ ወይ ብለህ በፖስት ካርዱ ለጠየቅከኝ፣ አይሆንም። የሰው ቤት አጥፍቶ መሸሽ የወንበዴ ነው። እዚያው ቁጭ በልና ይቅርታ ጠይቅ። ብቻህንም አይደለህም፣ ሰው አለህ። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ከአንገቱ ያወርድለታል፣ ነገሩም እዚያ ያልቃል። ጋሽ ተስፋይ አሥመራ ሳለ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች አስታርቋል፣ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው። አቶ ጥሩነህም አሉ፤ እሳቸው ባይናገሩ እንኳ ጺማቸው ያስታርቃል። ለማንም አትንገሪ ያልከኝን አልረሳሁም። ለሽማግሌ መንገር ግን ለማንም መንገር አይደለም።

አሮጊቷ አሁን የት ነው ያሉት? ጻፍልኝ።

አክስትህ ሮማነወርቅ


ማርሊ ክሪክ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1986

ይድረስ ለእትዬ ሮማነወርቅ፤

ጉልበትዎን ትንሽ ሻል ካለዎት ደስ ይለኛል።

ሚስስ ኮርቢት ሳን ሆዜ ልጃቸው ጋ ናቸው፣ የአበባ ሱቅ አላት። ሽማግሌ መላኩ ግን ይቆይ። ምክንያት አለኝ፤ በወረቀት የሚሆን አይደለም። እባክዎ ይቆይ።

ሚስተር ሃርላን ተቆጡህ ወይ ብለው በስልክ ጠይቀውኛል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ የእሳት አደጋ ክፍሉ ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል፤ ታሪኩን እየጻፉ ነው፣ ታትሞ ለየቤቱ ይሰጣል። ስለዚያ እሑድ ምን ብለው እንደጻፉ አላየሁም።

ልጅዎ አምሐ


ኦክላንድ፣ ሜይ 11 ቀን 1986

አምሐዬ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ እንዳልልህ በዓሉ ካለፈ ሰንብቷል። ስልኩን የማላነሣው አንተ መሆንህን እያወቅኩ ነው። ያን ቅዳሜ የት ሄጄ እንደነበር ወይዘሮ ፀዳለን ጠይቀሃታል አሉ። ሳን ሆዜ ነበርኩ።

ይቆይ ብለኸኝ ነበር። አዎ፣ ብለኸኛል። እኔ ግን ከፋሲካ በፊት ብትታረቅ በንጹሕ ልብ ትፈስካለህ ብዬ ቸኮልኩ። ጌታቸው የአበባ ሱቁን ፈልጎ አገኘልን። ጋሽ ተስፋይ በታክሲው ወሰደን፤ አቶ ጥሩነህ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ድንጋዩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዳዩ አንተ ብትሆንም ያሳደግኩህ እኔ ነኝና አንገቱ የእኔ ይሁን አልኩ። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ስገባ ልጅቷ ሮጣ መጣችና የድንጋይ ሥራ በጓሮ በኩል ነው አለችን። ለአትክልት ቦታ ድንጋይ ልንሸጥ የመጣን መስሏታል! አቶ ጥሩነህ እንኳን ደህና መጣችሁ ያለችን መስሏቸው እጅ ነሡ።

እናትየው ወጡ። ቀጭን ናቸው፣ ጸጉራቸው ነጭ፣ እጃቸውን አፈር ነክቶታል። ጋሽ ተስፋይ ወግ ያውቃል፣ ቆብ አውልቆ ተናገረ። «ማዳም፣ ይህች ሴት የአምሐ እናት ናት። ልጇ ሽማግሌ ልጠብቅ ብሎ መኪናውን አቁሞ ቤትሽን አስበላ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይው» አላቸው። ሴትዮዋ አንዱንም አንዱንም አዩን። «ዋት ዱ ዩ ሚን፣ ሂ ዌይትድ?» አሉ፤ ጠበቀ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው ማለታቸው ነው። ጋሽ ተስፋይ ወደ እኔ ዞረና ቀስ ብሎ «ሮማን፣ አታውቅም እኮ» አለኝ።

አያውቁም ነበር! ያልተበደሉ መስሏቸው የተቀመጡ ሰው ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩ።

«መኪናውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ ብሎ የነገረኝ ሃርላን ነው» አሉ። «አርባ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላነጋገርኩትም።» ይህን ሲሉ ድንጋዩ ማጅራቴ ላይ ነው። አላወረዱልኝም። እንዴት ያውርዱልኝ፣ ወጉን አያውቁ። ልጃቸውን «ውሃ ስጫቸው» ብለው ወደ ውስጥ ገቡና አልተመለሱም። ሦስታችን ቆመን ውሃችንን ጠጥተን ወጣን። ጋሽ ተስፋይ እስከ ኦክላንድ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ «ስንት ቤት ያስታረቅኩ ሰው ዛሬ አጣላሁ» አለ።

ለምን አልነገርከኝም? ሽማግሌው አለቃህ ገመናህን እንደሸፈኑልህ ብታስታውቀኝ አፌን እሰፋ ነበር። አሁን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ። ግን በአንተ ማመካኘቴም ያው እፍረቴ ነው። ያንን ቤት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ በየሠርጉ በየለቅሶው ጭንህን እየመዘለግኩ። ይኸው ደግሞ አንተን የሸፈነውን ሰው ገላለጥኩት። ተቆጥተኸኛል ወይ? ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጣሁ ብለህ ጻፍ፣ እችለዋለሁ።

ሮማነወርቅ


ማርሊ ክሪክ፣ ሜይ 25 ቀን 1986

እትዬ፤

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። በእርስዎ መቆጣት ግን አልችልበትም፣ ስለዚህ ተመልሶ ራሴ ላይ ይወድቃል። ያልነገርኩዎት ስላፈርኩ ነው። ታሪኩን አላየሁም ያልኩዎትም ውሸት ነበር። እሳቸው ራሳቸው አስነብበውኛል። «የኮርቢት ቤት። አለቃው ሃርላን መኪናውን አስቆመ። ቤቱ ጠፋ» ይላል። የሲልቫ ፈረሶች በአባትየው፣ የኮርቢት ቤት በልጅየው። ይህ አይሆንም ስላቸው «ተወው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አንተ ግን ገና እዚህ ትኖራለህ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ቅደም ሲሉኝ እምቢ ያልኩ ሰው፣ ጥፋትህን ልውሰድልህ ሲሉኝ አንድ ጊዜ እንኳ አልተግደረደርኩም። ያፈርኩት ከቤቱ ይልቅ በዚህ ነው።

ሚስስ ኮርቢት ምን እንዳደረጉ ልንገርዎ፤ ማክሰኞ የልምምድ ቀን ሁላችን ቱቦ ስንጠቀልል ልጃቸው በመኪና አመጣቻቸው። ለማንም ሰላም አላሉም። «ሃርላን፣ መኪናውን ያስቆመው ማን ነው?» አሉ። «እኔ ነኝ፣ ነግሬሻለሁ» አሉ ሚስተር ሃርላን። «ከኦክላንድ ሦስት ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ሌላ ነገር ነገሩኝ» አሏቸው። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ «እኔ ነኝ፣ ማዳም» አልኩ። ዴልም አንገቱን ደፋ፤ እሱም ያውቅ ነበርና። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፣ እውነቱን በማግኘታቸው። እሳቸው ግን እኔን ትተው ወደ ሚስተር ሃርላን ሄዱ። «አንተ ዘገየህ ብዬ ልጠላህ ሞከርኩ፣ ከበደኝ። አሁን ግን ዐይኔ እያየ ዋሸኸኝ» አሏቸው። ሚስተር ሃርላን ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ታሪኩ ይታረም ተባለ፣ በእኔ ስም ይጻፍ። እኔም ይሁን አልኩ። አንዱ ደግሞ ከመንዳት ይከልከል አለ። ሚስስ ኮርቢት «ሕጉ ቀድሞ የደረሰ ይንዳ ነው። ለአንድ ሰው ብላችሁ አትለውጡትም» አሉ። አዝነውልኝ እንዳይመስልዎ፣ ይህን ሲሉ ፊቴን አላዩም።

ከዚያ ወዲህ ሚስተር ሃርላን አያናግሩኝም። መኪና ሥር ጎን ለጎን ተኝተን መፍቻ ስጠይቃቸው ያቀብሉኛል፣ ሌላ ቃል የለም። በሰው ፊት ውሸታም ተባሉ፤ ያውም በእኔ ምክንያት። ምን ልበላቸው? በአማርኛ ቢሆን የምለው አላጣም ነበር።

አምሐ


ኦክላንድ፣ ኦገስት 17 ቀን 1986

ይድረስ ለልጄ፤

ፍልሰታን እየጾምኩ ነው፤ አንተን ስለማስብ ጾሙ ቀለለኝ፣ ምግብ አያሰኘኝም።

ለሚስተር ሃርላን ምን ልበላቸው ትለኛለህ፣ በየደብዳቤህ። እኔን ነው የምትጠይቀው? ሽማግሌ አልልክም፤ ጋሽ ተስፋይም እንኳን ሰው ሊያስታርቅ ከሰው ጋር ሰላም መባባል ፈርቷል። እሳቸው እስኪናገሩ አብረሃቸው ሥራ። ሌላ አላውቅም።

ለወይዘሮ ፀዳለ ሁሉን ነገርኳት። የቤቱን ነገር፣ መቆምህን፣ ድንጋዩን፣ ደመወዝ እንደሌለህ። ስታዳምጠኝ ቆየችና «በነጻ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለች። ይኸው ነው! የሰው ቤት መንደዱ ሳይገርማት ቀርቶ በነጻ መሥራትህ ደነቃት። እስከ ዛሬ ይህችን ሴት ፈርቼ ነው የዋሸሁት።

ለሃምሳ ዓመቱ በዓል ይምጡልኝ ብለህ ወረቀቱን ልከህልኛል። ሥዕሉን አየሁት፣ መኪናዋ ቀይ ናት፣ ታምራለች። አልመጣም፣ አምሐዬ። እኚያ ሴት ባሉበት በምን ዐይኔ? እኔ ብመጣ ደግሞ በዓሉን ትተህ እኔን ስታስተናግድ ልትውል ነው።

ሁለተኛ እንደዚያ ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ ትለኛለህ። ትልቅ ሰው ስታይ ተነሥ ብዬ አሳደግኩህ። አሁን አትነሣ ልበልህ? ልጽፈው ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እኔም እንደዚሁ ነው ያደግኩት፣ ሌላ ማሳደግ አላውቅም። አንተው እንደሚሆን አድርገው። ብታሳፍረኝም የእኔ ነህ።

ሮማነወርቅ


ማርሊ ክሪክ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1986

ይድረስ ለእትዬ ሮማነወርቅ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በጤና አደረሰዎ።

በበዓሉ ቀን እሳት ተነሣ ሲሉ ሰምተው ምን እንደተቃጠለ መጠየቅዎን ጌታቸው ነግሮኛል። አይስጉ፣ ሳር ነው። ከላይ ባለው መንገድ ጥግ የደረቀ ሳር ተያይዞ ወደ አንድ ገበሬ አጥር ሲሄድ ደረስንበት። በጋው ሳሩን እንጨት አድርጎታል፤ ትንሽ ብንዘገይ ቤቱ ድረስ ይሄድ ነበር። አልዘገየንም።

በዓሉ ያማረ ነበር። ሁሉም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ሚስስ ኮርቢት ከሳን ሆዜ መጥተው ፓንኬክ ጋገሩ። ከሚስተር ሃርላን ራቅ ብለው ነው የቆሙት። ተራዬ ደርሶ ሳህኔን ስዘረጋ «ማሩ እዚያ ጋ ነው» አሉኝ፣ ሌላ አላሉኝም። ሄጄ ማሩን ጨመርኩ።

ታሪኩን ያነበቡት ሚስተር ሃርላን ናቸው። ስለ ወተት መኪናው ሲያነቡ ሰዉ ሳቀ፣ ስለ ፈረሶቹ ሲያነቡ ባርኔጣውን አወለቀ። የእኔ መስመር ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አምሐ ቀድሞ ደረሰ። ሽማግሌ እስኪደርስ ጠበቀ። የኮርቢት ቤት ጠፋ።» ይኸው ነው። ስሜን እንደ እርስዎ አድርገው አነበቡት፣ ሐውን ሳይቀር። በየቤቱ ስንት ዓመት በሚቀመጥ ታሪክ ውስጥ የገባሁት በዚህ ነው። አንገቴን ደፍቼ ሳህኔን አየሁ። ማንም አልዞረብኝም፣ እሱም ከበደኝ።

አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ብቻቸውን ወደ መንገዱ ወጡ። ያኔ ተነሣሁ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልችልም፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ልለምናቸው ብዬ ተከተልኳቸው። በሩ ጋ ሳልደርስ ሳይረኑ ጮኸ።

ግቢው ውስጥ ወደ ቆመው መኪናችን ዞሬ ሮጥኩ። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ዴል በአፉ የያዘውን ምግብ ሳይውጥ ዘሎ ገባ። ሞተሩ ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሣ። ወደ መንገዱ ስወጣ ሚስተር ሃርላን ከፊቴ ናቸው፣ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው ወደ እኛ እየሮጡ፣ እግራቸው እያነከሰ። እጃቸውን አነሡ። ሂድ ይሁን ቁም አልለየሁትም። ዴል ወደ እኔ ዞሮ ፊቴን ያያል።

አለፍኳቸው፣ እትዬ። ሽማግሌ በእግሩ እየሮጠ፣ እጁን አንሥቶ፣ በመኪና አለፍኩት። መንገዱ አፈር ነው፤ አቧራውን ሁሉ በፊታቸው ላይ ነሰነስኩት። በመስታወቱ ሳይ አፋቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው መንገድ ዳር ቆመዋል። ፊቴ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ። ተወልጄ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እግሬን ግን ከነዳጁ ላይ አላነሣሁም።

ልጅዎ አምሐ